የካራቫኑ መፍቻ ሳጥን

ጥሩሰው ባዶውን የብረት ሳጥን የንብረት ክፍሉ መስኮት ላይ ሲያስቀምጠው፣ ዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂዋ ወርቅቱ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋ አድርጋ አንዴ ሳጥኑን፣ አንዴ እሱን አየች።

«ምን ምን ልስጥህ?» አለችው፤ ስክሪብቶዋን ቅጹ ላይ አሳርፋ።

«ክሪክ» አለ።

«እሺ፣ ክሪክ። ሌላስ?»

«መፍቻ።»

«ስንት ቁጥር?»

ጥሩሰው ስንት ቁጥር እንደሆነ አያውቅም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያ ሳጥን ከሚኖርባት ካራቫን በር ሥር ሲቀመጥ አይቷል፤ በጨለማ ተደናቅፎበታል፤ ተቀምጦበት ምሳውን በልቷል። ከፍቶ ውስጡን ያየበትን ቀን ግን ቢያስብ ቢያስብ ሊያገኘው አልቻለም።

«ነገ እመጣለሁ» አላት።

«መካኒኩ ኤጄታ ቢሆን እኮ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሚቆጥርልኝ» አለች ወርቅቱ። ለክፋት አልነበረም። ጥሩሰው ግን ባዶውን ሳጥን አንጠልጥሎ ግቢውን ሲያቋርጥ ጆሮው ይግል ነበር።

ጥሩሰው አምቦ ባለ አንድ የመንገድ ጥገና ድርጅት ውስጥ የግሬደር ኦፕሬተር ነው። ዕድሜው ሃምሳ አራት ደርሷል። ሥራው ዝናብ የቦረቦረውንና የጭነት መኪና ያጎደጎደውን የጠጠር መንገድ እየላገ ማስተካከል ነው፤ ኑሮው ደግሞ ግሬደሩ ከኋላው በሚጎትታት ካራቫን ውስጥ። ካራቫኗ ቆርቆሮ የለበሰች፣ በሁለት ጎማ የምትሄድ፣ ሁለት አልጋና አንዲት መስኮት ያላት ጠባብ ቤት ናት። በዓመት ስምንት ዘጠኝ ወር ከአንዱ መንገድ ዳር ወደ ሌላው ትንከራተታለች።

ሁለተኛው አልጋ የኤጄታ ነበር። ሠራተኛው ሁሉ «ኦቦ ኤጄታ» ይለዋል፤ ግሬደሩንም ካራቫኗንም የሚጠግነው መካኒክ እሱ ነው። ቃል አያበዛም። ከሰው ይልቅ ለብረት ነበር የሚያወራው፤ የዛገ ብሎን ሲፈታ «ሱታ፣ ሱታ» ይለዋል፣ ቀስ በል ማለቱ ነው። ወሬኛው ጥሩሰው ነበር። ራት ከተበላ በኋላ በጀርባው ተንጋልሎ ስለ ሟች ሚስቱ ስለ ሰሎሜ፣ አግብታ ሐዋሳ ስለገባችው ልጁ ስለ ምኞት፣ በልጅነቱ አምቦ ውስጥ ስለነበረው አጥርና ጎረቤት ሁሉ ሲተርክ፣ ከማዶ አልጋ ኤጄታ በየመሐሉ «ኤዬ»፣ አዎ እንደማለት፣ ይላል። ያቺ «ኤዬ» ለጥሩሰው ትበቃው ነበር።

ታዲያ ባለፈው ጥቅምት አንድ ቀን ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘ። አቶ ኤጄታ የጡረታ ዕድሜያቸው ሁለት ዓመት ሲቀረው በገዛ ፈቃዳቸው ሥራ ስለለቀቁ ዓርብ ሽኝት ይደረግላቸዋል ይላል። ጥሩሰው ወረቀቱን ደጋግሞ አነበበው። ከዚያ በፊት የነበረውን ሳምንት ሁለቱ አንድ ጣራ ሥር አድረው፣ ከአንድ ድስት ሲበሉ ነበር የሰነበቱት። አንድ ቃል አልነገረውም።

«ምነው ሳትነግረኝ?» ቢለው ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። አላለውም። ቂሙን እንደ ክኒን ዋጠው። የሽኝቱ ዕለት ሠራተኛው ግቢ ውስጥ ተሰብስቦ ለኤጄታ ጋቢ ሲያለብሰው፣ ጥሩሰው ገና በማለዳ ግሬደሩን አስነሥቶ ወደ ጉደር ወጥቶ ነበር። እዚያ ያዘዘው ሰው አልነበረም። ቀኑን ሙሉ አንዲት ኪሎ ሜትር መንገድ ሲልግ፣ የላገውን መልሶ ሲልግ ዋለ። ኤጄታ በማግሥቱ ዕቃውን ጭኖ ጌዶ ልጁ ዘንድ ገባ። ከዚያ ወዲህ አልተደዋወሉም።

አሁን ሁለት ሺህ አሥራ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ግንቦት ነው። ከወንጪ ወዲያ ወደ ገበሬ ቀበሌዎቹ የሚገባው የጠጠር መንገድ ክረምቱ ሳይገባ መስተካከል አለበት። የጥገና ክፍል ኃላፊው ታምራት፣ «በኤጄታ ቦታ የተቀጠረ የለም፤ ብቻህን ነው የምትወጣው» ብሎታል። የኤጄታን ዕቃ ደግሞ፣ እሱ አስረክቦ ከሄደ በኋላ፣ በየመኪናው አከፋፍለውት ለጥሩሰው የደረሰው ሳጥኑ ብቻ ነው።

ከወርቅቱ ዘንድ ባዶ ሳጥኑን ይዞ በተመለሰበት ዕለት ከሰዓት በኋላ ካራቫኗ ውስጥ ገብቶ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ከፊት ለፊቱ የኤጄታ ፍራሽ ተጠቅልሎ በገመድ ታስሯል። «ሳጥን ባሰኘህ አይሞላም፤ በተሰበረው ነው የሚሞላው» ይል ነበር ኤጄታ። ጥሩሰው አንድ ሉክ ወረቀት ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ምን ምን እንደተሰበረ ማስታወስ ጀመረ።

መጀመሪያ የመጣለት ጉደር ቁልቁለት ላይ ጎማ የፈነዳ ለታ ነው። መሬቱ ጭቃ ስለነበር ክሪኩ ካራቫኗን በማንሣት ፋንታ ራሱ ወደ ታች ሰመጠ። ኤጄታ ምንም ሳይናገር አንድ ወፍራም ጣውላ አምጥቶ ከክሪኩ ሥር ወተፈ። ከዚያ በፊትም ከደህናው ጎማ ፊትና ኋላ ሁለት ሽብልቅ እንጨት አስገብቶ ነበር። ጣውላ ብሎ ጻፈ። ሽብልቅ፣ ሁለት።

ባቢች ዳገት ላይ ካራቫኗን ከግሬደሩ ጋር የሚያያይዛት ፔርኖ ተቆርጦ፣ ብቻዋን ወደ ኋላ መንሸራተት የጀመረችበትም ቀን ነበር። ኤጄታ በዚያ ዕድሜው እየሮጠ ድንጋይ ከጎማዋ ሥር ወረወረላት። ቆማ ስትገኝ ሁለቱም መሬት ተቀምጠው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ትርፍ ፔርኖ ብሎ ጻፈ። ሰንሰለት።

ጣራዋ ያፈሰሰች ለታ ውሃው የሚንጠባጠበው በጥሩሰው ትራስ ላይ ነበር። ኤጄታ ሲነጋ ጣራ ላይ ወጥቶ በቆርቆሮ ቁራጭና በሲሊኮን ደፈነው። የቡታጋዙ ሽታ ያስቸገራቸው ጊዜ ደግሞ ሳሙና በጥብጦ የጎማ ቱቦውን ቀባና አረፋው ቡልቅ ቡልቅ ያለበትን ቦታ በጣቱ አሳየው፤ ቀዳዳዋ እዚያ ነበረች። ሳሙናም ገባ ወረቀቱ ላይ። ትርፍ ቱቦ፣ ማሰሪያ ሽቦ፣ ፒንሳ፣ ለኋላ መብራቷ አምፖልና ናስትሮ።

በመጨረሻ የመጣለት የጎማው ኩሽኔታ የተበላ ጊዜ ነው። ኤጄታ በእጁ ጀርባ የጎማውን መሐል ነካ አድርጎ «ተቃጥሏል» አለና ከሥር ገባ። ያን ቀን ጥሩሰው ከግሬደሩ ባትሪ ጋር ሲታገል ስለዋለ የሥሩን ሥራ አላየም። ኩሽኔታ፣ ግሪስ ብሎ ጻፈና ወረቀቱን አጠፈ።

የቀረው ቁጥሩ ነበር። ጋራዥ ካሉት ልጆች አንድ ኪስ ሙሉ መፍቻ ተውሶ ካራቫኗ ሥር በጀርባው ገባ። እያንዳንዱን ብሎን እየለካ ቁጥሩን በጠመኔ ከጎኑ ጻፈበት። አሥራ ሰባት፣ አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ ሁለት። ወጥቶ ልብሱን ሲያራግፍ ፀሐይ ዘንበል ብላ ነበር።

በማግሥቱ ወርቅቱ ወረቀቱን ተቀብላ ከላይ እስከ ታች አነበበችውና «ቁጥርም አለው!» አለች። ያላትን ሰጠችው፤ የሌላትን ከገበያ ገዛ። ከባድ ከባዱን ከታች፣ መፍቻውን እንዳይንኳኳ በጨርቅ ጠቅልሎ ከመሐል፣ ባትሪ መብራትና ጓንት ከላይ አደረገ። ሳጥኑ ጢም ብሎ ሞላ። ኮራ።

ሊያነሣው ሲል አልተነሣለትም።

ሳጥኑ በግራና በቀኝ እጀታ ነበረው። ሁልጊዜ ሲጫንና ሲወርድ በአንዱ ኤጄታ፣ በሌላው እሱ ይይዙት እንደነበር ያስታወሰው አሁን ነው። አላፊ አግዳሚ ጠርቶ ማስጫን ይችል ነበር፤ ግን መንገድ ላይ ማን አለ? ክዳኑን ከፈተና ያን ሁሉ በልኩ የደረደረውን ዕቃ አንድ በአንድ አወጣው። ግማሹን አፉ በተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ ከትቶ፣ አንድ ሰው የሚችላቸው ሁለት ሸክሞች አድርጎ አስገባቸው።

የወጣ ሰሞን አምስት ቀን ደኅና ሠራ። አገሩ ደጋ ነው፤ ማለዳ ጉሙ ከእንሰቱ አናት ላይ አይነሣም፤ ግሬደሩ ሲሞቅ ጭሱ ከጉሙ ጋር ይቀላቀላል። ቀን በሞተሩ ጩኸት ውስጥ ብቸኝነቱ አይታወቀውም። የሚከብደው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሞተሩን ሲያጠፋው ነው። ያን ጊዜ ዝምታው እንደ ውሃ ከየአቅጣጫው ይሞላል። አንድ ሰው የሚበላውን ያህል ሽሮ መሥራት አለመደም፤ በየምሽቱ ተረፈው። አንድ ሁለቴ ወሬ ጀምሮ ነበር፤ «ዛሬ ያየሁት ፈረሰኛ...» ብሎ ድምፁ ቆርቆሮው ላይ ሲያስተጋባበት አቋረጠው። በሦስተኛው ቀን የኤጄታን ፍራሽ ፈትቶ አልጋው ላይ ዘረጋው። ለምን እንደሆነ ራሱም አላወቀም። ተጠቅልሎ ሲያየው ያስከፋው ነበር፤ ተዘርግቶ ሲያየው ባሰበት።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ካራቫኗን ወደ ሌላ ማረፊያ እየጎተተ ሳለ፣ ጠባብ መታጠፊያ ላይ ከኋላው የሚንቀጫቀጭ ድምፅ ሰማ። ዞር ሲል ቀኝ ጎማዋ እንደ ሰካራም እየዋለለ ነው፤ ከመሐሉ ቀጭን ጭስ ይወጣል። ወዲያው አቆመ። ወርዶ በእጁ ጀርባ የጎማውን መሐል ነካና እጁን ሰበሰበ።

ቦታው ክፉ ነበር። በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላው የተቆረጠ ተራራ፣ መሐል ላይ ካራቫኗ። በማግሥቱ ቅዳሜ ገበያ ነው፤ ድንችና ገብስ የጫኑ አይሱዙዎች የሚያልፉበት ሌላ መንገድ የለም። ትቷት ግሬደሩን ይዞ ቢሄድ መንገዱ ተዘግቶ ያድራል።

ሽብልቁን አስገባ፣ ጣውላውን አነጠፈ፣ ካራቫኗን በክሪኩ ሰቀለ። ጎማውን አወጣ። ኩሽኔታው ተፈጭቶ ነበር፤ እያንዳንዷ ኳስ እንደ ተቆላ ባቄላ ጠቁራለች። አዲሱን አውጥቶ ሲገጥመው ልክክ አለ። ደስ ብሎት ግሪስ ሊቀባ ሲል ግን ከኋላው በኩል ጣቱ የተበጣጠሰ ነገር ነካ። ግሪሱ እንዳይፈስ፣ ጭቃና ውሃም እንዳይገባ የሚያግድ የላስቲክ ቀለበት ነበር። ቀልጦ ተቆራርሷል። በሳጥኑም፣ በጀሪካኑም፣ በወረቀቱም ላይ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። እንደዚህ ያለ ዕቃ በዓለም ላይ መኖሩን ያወቀው አሁን ነው።

ያለ ቀለበት ገጥሞ ቢነሣ አዲሱም ኩሽኔታ ማረፊያው ሳይደርስ ይፈጫል።

ስልኩን አየ፤ ኔትወርክ የለም። መንገዱ ዳር ተቀምጦ ሳለ ከበላይ በኩል አንዲት ሴት ወረደች። ደራርቱ ትባላለች፤ ከመታጠፊያው በላይ ያለው የገብስ ማሳ የእሷ ነው።

«አካም ጅርቱ» ብላ ሰላም አለችው፤ ከዚያ ወደ አማርኛ አዞረችው። «ተሰበረች?»

«ተሰበረች፣ እመቤቴ። ስልክ የት ይሠራል?»

«እዚያ ባሕር ዛፉ ጋ፣ ጉብታው ላይ። ሂድ፣ እኔ እጠብቅልሃለሁ።»

ጉብታውን ወጥቶ ታምራት ጋ ደወለ፤ ዝግ ነው። ቢሮ ደወለ፤ ጠርቶ ጠርቶ ቆመ። ጋራዥ ደወለ፤ ያነሣው ዘበኛ «ሁሉም ወጥተዋል፤ ሰኞ ቢደውሉ» አለው። ጥሩሰው ሌላ የሚያውቀው መካኒክ አንድ ብቻ ነበር። ሰባት ወር ሙሉ ያቺን ስም እየዘለለ ሌሎቹን ሲደውል ቆይቷል። ነፋሱ ባሕር ዛፉን ያፏጫል። ደወለ።

ያነሣችው የኤጄታ ልጅ ዱረቲ ናት። ጌዶ ነርስ ሆና ትሠራለች።

«ጋሼ ጥሩሰው? እርስዎ ነዎት? ይገርማል» አለች፤ ድምፅዋ ግን የተቀየመ አይደለም።

«ደኅና ነሽ ልጄ? አባትሽን ታገናኚኛለሽ?»

«አልሰሙም ማለት ነው። አባ መናገር ካቆመ አራት ወሩ። ጥር ላይ ነው ስትሮክ የጣለው። ቀኝ እጁም አይታዘዝለትም።»

ጥሩሰው የባሕር ዛፉን ግንድ ያዘ።

«እጁ እኮ ቀድሞም ነው የጀመረው» አለች ዱረቲ። «ከመስከረም ጀምሮ መፍቻ ከእጁ ይወድቅ ነበር። ለዚያ ነው ሥራውን የለቀቀው። ለጋሼ ጥሩሰው ብንነግራቸውስ ስንለው፣ ‹ተዉት፤ ካወቀ የእኔንም ሥራ ደርቦ ይሠራል፤ ወገቡን ያመዋል› ነበር ያለን።»

መስከረም። ጥሩሰው መስከረምን ለማስታወስ ሞከረ። አንድ ቀን ኤጄታ ብርጭቆ ጥሎ ሰብሮ ነበር፤ «አረጀህ አንተ» ብሎ ስቆበታል። ሌላ ቀን ብሎን ሲያጠብቅ በግራ እጁ ነበር። ጥሩሰው አጠገቡ ቆሞ ስለ ምኞት ሠርግ እያወራ ነበር።

«ጋሼ? አሉ?»

«አለሁ። ልጄ... የምጠይቀው ነገር ነበረኝ። ተይው።»

«ምን ነበር? ይስማዎታል እኮ፤ መስማቱን ሁሉንም ይሰማል። ድምፁን ከፍ አድርጌ ጆሮው ጋ ላድርግልዎት።»

ጥሩሰው ሌላ የሚለው ብዙ ነበረው፤ አፉ ላይ የመጣለት ግን የኩሽኔታው ነገር ነው። «ኤጄታ፣ እኔ ነኝ። የቀኝ ጎማዋ ኩሽኔታ ተበላ። አዲስ ይዣለሁ፤ ገጥሜዋለሁ። ከኋላ ያለችው የላስቲክ ቀለበት ግን ተቆራርጣለች። አልያዝኩም። አላውቃትም ነበር። ምን ላድርግ?»

ቆይቶ ዱረቲ «እጁን አነሣ» አለች። «የግራውን። ሆዱ ላይ አደረገ። ራበህ አባ? አይደለም፤ ተቆጣኝ። ወገቡን ነው። ሱሪውን እየጎተተ... ቀበቶውን ነው! ቀበቶውን ይዞ እየነቀነቀ ነው።»

«ቀበቶ?» አለ ጥሩሰው። ከዚያ ገባው። «ቆዳ! ቆዳ ቁረጥ ነው የሚለኝ?»

«አዎ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። አሁን ጣቱን ውሃው ብርጭቆ ውስጥ ነከረ።»

«ውሃ ውስጥ ልንከረው?»

«አይደለም አለ። እህ... ፀጉሬን ነካ። የተቀባሁትን። ቅባት ነው መሰለኝ።»

«ዘይት! ዘይት ውስጥ!»

«አዎ፣ አዎ አለ!» ዱረቲ ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ላይ ተሰበረ። «ጋሼ፣ እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም ከታመመ ወዲህ። አሁን ሦስት ጣት አሳየኝ። ሦስት።»

«ሦስት ምን? ሦስት ሰዓት ነው ሦስት ንብርብር?»

ዱረቲ አባቷን ጠየቀችው። ስልኩ ላይ ከጉሮሮ የመጣ ድምፅ ተሰማ፤ ቃል አልነበረም። ከዚያ መስመሩ ተቆረጠ። ጥሩሰው መልሶ ቢሞክር የስልኩ ባትሪ አልቋል።

ሲወርድ ደራርቱ ክሪኩን ፊት ለፊቱ ቁጭ ብላ ታየዋለች፤ የሚሸሽ ይመስል። ቀበቶውን ፈትቶ በቢላ ሲቆርጠው ከላዩ ቀለም፣ ከውስጡ ወረቀት ሆነ። የገበያ ቀበቶ ነው። ደራርቱ ሳቅ አለች።

«ቆዳ ነው የምትፈልገው?» ብላ ወደ ቤቷ ወጣች። ተመልሳ ስትመጣ የኮርቻ ጠፍር ይዛ ነበር፤ ሰፊ፣ ወፍራም፣ በዕድሜ የለሰለሰ።

«ይሄማ ለፈረስሽ ነው» አላት።

«ፈረሱ ተሽጧል። ባለ ፈረሱም የለም፤ ሦስት ዓመቱ» አለች። «ቁረጠው። ተሰቅሎ ማየቱ ሰልችቶኛል።»

ሰዓትም ይሁን ንብርብር ስላላወቀ ሁለቱንም አደረገ። አሮጌውን ቀለበት ቁርጥራጭ እንደ ልክ አስቀምጦ ከጠፍሩ ሦስት ቀለበት ቆረጠ። በሞተር ዘይት ነከራቸውና በእጅ ሰዓቱ ሦስት ሰዓት ጠበቀ። ደራርቱ የተቀቀለ ድንች አመጣችለትና አጠገቡ ተቀመጠች። ስትነሣ «ዝናብ ሳይመጣ ጨርስ» አለችው። ከመሸ በኋላ ቀለበቶቹን ደራርቦ በመዶሻው እጀታ ቀስ እያደረገ መታቸው። «ሱታ» አለ፤ ሳያስበው ነው ያለው። ግሪሱን ሞልቶ ጎማውን መለሰ። ካራቫኗን ከመታጠፊያው አውጥቶ ሜዳው ላይ ሲያቆማት የጎማውን መሐል ነካው፤ ለብ ብሏል እንጂ አልጋለም። በማግሥቱ የገበያ መኪኖቹ ጥሩምባ እየነፉ አለፉት።

ሥራው ሁለት ሳምንት ፈጀ። ስልኩን ገበያ እያስሞላ ሁለቴ ጉብታ ፈልጎ ዱረቲ ጋ ደወለ፤ ሁለቴም ስልኩን አባቷ ጆሮ ጋ አድርጋለት ጥሩሰው ስለ መንገዱ፣ ስለ ጎማው፣ ስለ ዝናቡ አወራ። ስለ ሽኝቱ ቀን ግን በስልክ አይሆንልኝም ብሎ ተወው።

አምቦ ሲመለስ ሰኔ ገብቶ ነበር። ገላውን ታጥቦ፣ ሸሚዝ ቀይሮ፣ በሚኒባስ ጌዶ ገባ። የዱረቲ ቤት ከአስፋልቱ ብዙ አይርቅም። ኤጄታ በረንዳው ላይ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር፤ በላዩ ላይ ጋቢ። ጋቢው ሽኝት ላይ ያለበሱት መሆኑን ጥሩሰው ወዲያው ለየ፤ ሲገዛ መዋጮ ከፍሎበታል፤ ሲያለብሱት ግን አልነበረም። ኤጄታ ከስቷል። ከንፈሩ ወደ አንድ ጎን ተጎትቷል። ዓይኑ ግን ያው ነው፤ ከሥር ሆኖ ብረት የሚመረምር ዓይን። ግራ እጁን ዘረጋለት። ጥሩሰው በሁለት እጁ ያዘው።

«ሦስት ያልከኝ ሰዓት ነው ንብርብር?» አለው፤ ሌላ ቃል ስላልመጣለት።

ኤጄታ አየውና ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እየሳቀ ነው። ዱረቲ ከውስጥ ሮጣ ወጣች። ኤጄታ ጣቱን አንሥቶ አንዴ እንዲህ፣ አንዴ እንዲያ አደረገው፤ ሁለቱንም ማለቱ ይሁን አንዱን ሊታወቅ አልቻለም፤ ሦስቱም ሳቁ።

ከምሳ በኋላ ዱረቲ ለሥራ ወጣች፤ «የመጨረሻው መኪና አሥር ሰዓት ላይ ነው፤ ያልፋል እዚሁ በር ላይ» አለችው። ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ጥሩሰው ወንበሩን አቀረበ። መጀመሪያ ወደ አስፋልቱ እያየ ስለዚህም ስለዚያም አወራ። ከዚያ ጀመረ።

«የዚያን ቀን ጉደር ሥራ አልነበረኝም» አለ። «ውሸቴን ነው። ሳትነግረኝ ስለሄድክ ነው። ሰው ሁሉ ጋቢ ሲያለብስህ እኔ አንድ ቦታ ስመላለስ ዋልኩ። ማታ ስመለስ ትጠብቀኛለህ ብዬ ነበር፤ ተኝተህ አገኘሁህ። ወይም የተኛህ መሰልክ። ጠዋትም እኔ የተኛሁ መሰልኩ፤ ዕቃህን ስታወጣ ነቅቼ ነበር። ሳጥኑን ልታስረክብ ብቻህን ለመጎተት ስትታገል ሰምቻለሁ። አልተነሣሁም። እጅህ እንደታመመ አላወቅኩም፤ ባላውቅም ግን መነሣት ነበረብኝ። ሰሎሜ ከሞተች ወዲህ ያለኸኝ አንተ ብቻ ነበርክ። ያንን ልነግርህ ሲገባኝ...»

ቀና ብሎ አየው። የኤጄታ አገጭ ደረቱ ላይ ወድቋል። ትንፋሹ ረጅምና ለስላሳ ነው። ተኝቷል።

ከየትኛው ቃል ጀምሮ እንደተኛ ጥሩሰው ሊያውቅ አልቻለም። ምናልባት ሁሉንም ሰምቷል፤ ምናልባት አንዱንም አልሰማም። የሸሸውን የጋቢ ጫፍ ወደ ትከሻው መለሰለት። ሰማዩ ከጌዶ በስተ ምዕራብ ጠቁሯል፤ ነፋሱ አቧራ ያነሣል። ሚኒባሱ መጥቶ በር ላይ ቆመና ጥሩምባውን ነፋ። ረዳቱ አንገቱን አውጥቶ «አምቦ! አምቦ!» አለ።

ጥሩሰው እንዲሄዱ በእጁ ምልክት ሰጣቸው።

መኪናው ከሄደ በኋላ መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም። ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ሲጀምር ኤጄታ ዓይኑን ገለጠ፤ ጥሩሰው አሁንም እዚያው መኖሩን አየና ግራ እጁን ከጋቢው ሥር አወጣ።

«ስማኝ» አለው ጥሩሰው። «የዚያን ቀን ጉደር ሥራ አልነበረኝም።»